እህት አስቴርና አምስቱ ጥቁር ቁልፎች

የእህት አስቴርን ማረፍ የሰማሁት ከድሮ ክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ለወትሮው በዓል ሲመጣ የአበባ ምስል ከመለጠፍ በቀር ማንም ትንፍሽ የማይልበት ግሩፕ ያን ቀን ጠዋት በመልእክት ተጥለቀለቀ። ቢንያም «እህት አስቴራችንን አጣናት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ሁሉም ጻፈ። አንዱ «እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት» አለ። ሌላዋ መጻፍ አቅቷት እያለቀሰች ድምጿን ቀድታ ላከች። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ፤ ደግሜም አነበብኩ። የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር፤ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ቀናሁ። እኔ ብሞት የዚህን ግማሽ የሚጽፍልኝ ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

እንግዲህ ስለ እሷ የምጽፈው እንዲህ ያለች ሰው ሆኜ ነው። ወዳጇ ነበርኩ ብል እዋሻለሁ። ጠላቷ ነበርኩ ብል ደግሞ እሷ ራሷ ብትሰማ ትስቅብኛለች።

እዚህ ሐዋሳ ከሥራ መልስ በሚሰጠው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ስንመዘገብ ዘጠኝ ነበርን። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ እዚሁ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ አንድ ልጁ ነኝና ከልጅነቴ ጀምሮ አስተማሪ ቀጥሮ ፒያኖ አስተምሮኛል። ኮሌጅ ስገባ ኖታ እንደ ጋዜጣ አነብ ነበር። የክፍል አለቃ የሆንኩትም ማንም ሳይመርጠኝ፣ ራሴ እጄን አውጥቼ ነው።

እህት አስቴር የመጣችው ትምህርት ከተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አርባ ዓመት የሚሆናት ወፍራም ሴት፣ በብብቷ የመሥሪያ ቤት ማኅደር ሸጉጣ እያለከለከች ስትገባ አዲስ መምህር መስላን ሁላችንም ብድግ አልን።

«ኧረ ተቀመጡ፣ እኔም እንደናንተው ልሰቃይ ነው የመጣሁት» አለችና መጥታ እኔ አጠገብ ቁጭ አለች። «እህት አስቴር እባላለሁ።»

በቤተክርስቲያን ልማድ ራሷን «እህት» ብላ ስላስተዋወቀች በዚያው ቀረ፤ መምህሮቹ ሳይቀሩ እህት አስቴር ይሏት ጀመር። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። እሁድ እሁድ ታቦር ሰፈር ባለው ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ትዘምራለች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖራለች። «አንቺ በይኝ እንጂ፣ መች አረጀሁ» ብላ ደጋግማ ብትለምነኝም እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ነበር የምላት። ሌሎቹ ጨዋነት መስሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር እርስዎ የምላት አክብሬያት ሳይሆን ላስረጃት ነበር።

የቤት ሥራ ሠርታ አታውቅም። አንገቷን አስግጋ ከእኔ ደብተር ስትገለብጥ ብቆጣት «መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የሌላ ፋይል ካላየ ቀኑ አይመሽለትም» ትለኛለች። ኪቦርድ ላይ ከመቀመጧ በፊት ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። አርፍዶ የሚገባውን ሁሉ፣ መምህር እያስተማረም ቢሆን፣ በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ!»፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትቀበላለች። ያረፈደው ይስቃል፣ መምህሩም ይስቃል። እኔ አርፍጄ አላውቅም፤ ስለዚህ ተቀብላኝ አታውቅም።

ጋሽ ንጉሤን ሳላነሳ ወደፊት መሄድ አልችልም። ዕድሜያቸውን በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ፣ ከጡረታ በኋላ እኛን ለማስተማር የመጡ ሰው ናቸው። ሰው ማመስገን አይሆንላቸውም። እኔ ከአፋቸው ያገኘሁት ትልቁ ሙገሳ «ይሁን» የሚል ነው። ያቺን «ይሁን» ለመስማት ጣቴ እስኪያብጥ እለማመድ ነበር። በመጀመሪያው ወር «ስትመረቁ ከእናንተ አንዱን ረዳቴ አድርጌ እዚሁ አስቀራለሁ» ብለውን ነበርና፣ እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

ጃዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «ዜማውን አንድ ጊዜ ዝፈኑ፣ ከዚያ ልቀቁት። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ራሳችሁም አስቀድማችሁ ማወቅ የለባችሁም» አሉን። እኔ እጄን አወጣሁ። ይህ እንደሚመጣ ገምቼ ድንገት የመጣልኝ የሚመስለውን ዜማ አስቀድሜ ቤቴ በኖታ ጽፌ በቃሌ ይዤው ነበር። ትንፋሼ የሚቆረጥበት ቦታ ሳይቀር ምልክት ነበረው። ዘፍኜ ስጨርስ ጋሽ ንጉሤ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ጥሩ ነው። መቼ ጻፍሽው?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ እህት አስቴር ጫማዋን አወለቀች። በግራ አውራ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ የሆነች ነገር ሳታይ ጫን ጫን አደረገችና በቀስታ ጀመረች። ዓይኗን ጨፍናለች። ዜማውን አንድ ጊዜ ዘፈነችው፤ ከዚያ ለቀቀችው። ጋሽ ንጉሤ ይበቃል ለማለት እጃቸውን አነሱ፤ አላየቻቸውም። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አወረዱና ሳክስፎናቸውን አንስተው ተከተሏት። ከእኛ ጋር ነፍተው አያውቁም ነበር። ያን ያህል ጊዜ አብሬ ስማር ስለ ድምጿ ብዙ እንከን አግኝቼባት ነበር፤ ትንፋሿ አጭር ነው፣ ላይኛው ድምጿ ይሻክራል። ያን ቀን እንከኗን ፈልጌ አጣሁት።

«የት ተማርሽው ይሄን?» አሉ ሲጨርሱ።

«ቤተክርስቲያን ነዋ፣ ጋሼ። ፓስተሩ መጸለይ ሲጀምሩ ከሥር እንጫወታለን። መቼ አሜን እንደሚሉ አይታወቅም። ሁለት ደቂቃም ይሆናል፣ ግማሽ ሰዓትም ይሆናል። ሲያለቅሱ ማልቀስ ነው፣ ሲቆጡ መነሳት ነው። ዝም ማለት አይቻልም። ያንኑ መድገምም አይቻልም፣ ሰው ያዛጋል።»

ጋሽ ንጉሤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ጃዝ ማለት አሜን እስኪባል መጫወት ነው» ብለው ጻፉና ገልብጡ አሉን። እኔ ብዙ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ የተናገርኩት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በሚያምረው እጅ ጽሑፌ ገለበጥኩት። እስክሪብቶውን ከመጫኔ ብዛት ወረቀቱ ተቀደደ።

የሚቀና ሰው ዓይኑ አይተኛም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቶቿን እከታተል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ደረስኩባት። እህት አስቴር ምንም ብትጫወት እጇ ከአምስቱ ጥቁር ቁልፎች አይወጣም። ነጮቹን የምትነካቸው ጭቃ እንደሚሻገር ሰው በጫፍ በጫፉ ነው። ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች፤ እሷን ሲጫኑ እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ መሣሪያው ራሱ ዜማውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ዘማሪው ከአሥራ ሁለቱ ድምጾች በየትኛውም ቢነሳ እሷ ያቺን ቁልፍ ጫን ታደርግና ሁልጊዜ በዚያው በለመደችው ቦታ ትጫወታለች። በአውራ ጣቷ የምትነካካው እሷን ኖሯል።

ብቻችንን ስንሆን «ሁልጊዜ በጥቁሮቹ ነው እንዴ የሚጫወቱት?» አልኳት።

አልደነገጠችም። ክንዴን ይዛ እስኪበቃት ሳቀች። «ደረስሽብኝ! አዎ፣ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለኝ። ማንም ይምጣ በዚያች ቤት አስተናግዳለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እንደኔ በጆሮው የለመደው የየቤተክርስቲያኑ ኪቦርድ ተጫዋች ብትይ እንዲሁ ነው። የቀሩትን አሥራ አንድ ቤቶች ግን ደጃቸውንም አልረገጥኩም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለጋሼ አትንገሪብኝ፣ አፍራለሁ። አንቺ አስተምሪኝ የኔ ልጅ። አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ።»

«ከፈተና በኋላ» አልኳት። ከፈተና በፊት ጊዜ ነበረኝ።

የመመረቂያው ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመለስ ኪቦርዱን አቃጠለው። ጋሽ ንጉሤ ደውለው «ፈተናው አዳራሹ ውስጥ ባለው ፒያኖ ነው። እንዲለማመዱ ለሁሉም አሁኑኑ ንገሪ» አሉኝ። ፒያኖ እንጨትና ሽቦ ነው፤ ትራንስፖዝ የሚባል ነገር የለውም። ለሰባቱ ደወልኩ። ለሰባቱም «አዳራሹ ውስጥ ባለው ፒያኖ ነው፣ ሄዳችሁ ተለማመዱ» አልኳቸው። በመጨረሻ ወደ እሷ ደወልኩ። ከበስተኋላዋ ማኅተም ሲመታ ይሰማኛል።

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ፈተናው ወደ አዳራሹ ተዛውሯል። ሰዓቱ ያው ነው።»

«እሺ። ሌላ ነገር አለ?»

ከሰባቱ ስም ጎን ምልክት ያደረግሁበትን ወረቀት አጠፍኩት።

«የለም» አልኩ።

«ተባረኪ» ብላ ዘጋች።

በሁለት ቀን አሥራ አንዱን ቤት አትማርም ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ግን ብነግራት ሄዳ ለጋሽ ንጉሤ እውነቱን ትነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ከቤተክርስቲያኗ ኪቦርድ አስመጥተው ይፈትኗት ነበር። ይህንን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

የፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ተደርድረዋል። ተራዋ ሲደርስ ጫማዋን አወለቀችና ተቀመጠች። የግራ አውራ ጣቷ በልማድ ትራንስፖዙን ፍለጋ ሄደ፤ እንጨት አገኘ። በቀኝ በኩልም ዳሰሰች። ልጆቹ እየቀለደች መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ከፋ ድምጽ ተነሺ» አሉ ጋሽ ንጉሤ። ፋ ነጭ ቁልፍ ነው። እጇን ጥቁሮቹ ላይ አሳረፈችና መልሳ አነሳችው። ከዚያ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ጋሼ። እኔ አንድ ቤት ብቻ ነው የማውቀው» አለችና ለእኔ በሹክሹክታ የነገረችኝን ሁሉ በሦስት ፈታኞችና በስምንት ተማሪ ፊት አፍ አውጥታ ተናገረች። ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። «መዝፈን ይፈቀድልኝ ይሆን?»

ፈቀዱላት። በባዶ እግሯ ቆማ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነች፤ ዜማውን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ለቀቀችው። ስትጨርስ ጋሽ ንጉሤ ተነስተው ፒያኖው ላይ የፋን ቁልፍ ነኩ። የአንድ ፀጉር ያህል እንኳ አልሳተችም። እጇ የማያውቀውን ቤት ጆሮዋ ያውቀው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሁለቱ ፈታኞች ግን ደንብ ደንብ ነው አሉ፤ ለመሣሪያው በተያዘው ግማሽ ነጥብ ዜሮ ተሰጣት። እኔ ከእሷ ቀጥዬ ተቀመጥኩና የታዘዝኩትን ሁሉ አንዲት ስህተት ሳልሠራ ተጫወትኩ። ረዳት ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት ግቢው ውስጥ ከቢንያም ጋር ቆማ ስታወራ አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ሕይወት» አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አቤት።»

«ቢንያም ፒያኖ መሆኑን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር። አንቺ ነግረሽው።»

«እህት አስቴር፣ እኔ እኮ...»

«ሌላ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄሻለሁ። ለሰባት ሰው የበቃ ቃል እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበለችኝም።

«ሥራ እያለን አታልቅሺ። ከፈተና በኋላ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ፈተናው አለቀ። ነገ ምሳ ሰዓት እመጣለሁ። አሥራ አንድ ቤት ይቀረኛል።»

«ለጋሽ ንጉሤስ ይነግሩብኛል?»

«እኔ በሰው አላሳብቅም። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ የምጠይቅሽ ነገርሻቸው ወይ ብዬ ብቻ ነው።»

እንዳለችው መጣች። ምሳ ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ይዛ ከመሥሪያ ቤቷ ትመጣለች፣ በሳህን በቅቤ የራሰ የቆጮ ቡርሳሜ ይዛ ግማሹን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ ጫማዋን አውልቃ እዚያው የአዳራሹ ፒያኖ ላይ ትቀመጣለች። የማይሆንላት ቦታ ስትደርስ «ይሄ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ራሴን መታኝ» እያለች ትነጫነጫለች። ስኮሳተር ለራሷ «መምህሬ ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው» ትላለች። ከሳምንት ሳምንት አንዱን ቤት ጥላ ወደ ሌላው ትገባለች። እኔ ጣቴ አብጦ፣ አባቴ ስንትና ስንት ከፍሎ የተማርኩትን እሷ ቡርሳሜ እየጎረሰች ታነሳዋለች። እያስተማርኳት እቀናባት ነበር። ጥፋቴን ለመካስ ነው የማስተምራት ብዬ ለማመን ብሞክርም፣ ቶሎ ስትይዘው ልቤ ይቆረጥ ነበር።

ስትነሳ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት።

«ነገርሻቸው?»

«ገና።»

«እሺ» ትልና ጫማዋን አጥልቃ ትሄዳለች። ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! ብነግራቸው ወንበሩን አጣለሁ፤ ይህን እሷም ታውቃለች። በአምስተኛው ወር መጨረሻ ያንኑ የፈተናውን ዜማ በአሥራ ሁለቱም ቤቶች እያዟዟረች ተጫወተችና ክዳኑን ዘጋች። «ነገርሻቸው?» አለች። ገና አልኩ። «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያንቺ ነው» ብላ ወጣች። ወደ ኮሌጁም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኋት አልፎ አልፎ ነው። አንድ ዓመት በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ከዘመዶቿ ጋር ሆና ከሩቅ አየችኝ። መነጋገር አይቻልም፤ ቅንድቧን ብቻ ወደ ላይ አነሳች። ጥያቄው ገብቶኝ ገና ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ሳቀችና እጇን አውለብልባልኝ በሕዝቡ ውስጥ አለፈች።

ለቅሶው ታቦር፣ ቤቷ ደጃፍ በተተከለ ድንኳን ነበር፤ ሬሳ ሳጥኗ ለቀብር ሳይወጣ መሃል ላይ ተቀምጧል። የቤተክርስቲያኗ ወጣቶች እየዘመሩ ደረስኩ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ጣቶቹ በነጩም በጥቁሩም እንደልባቸው ይሄዳሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ትራንስፖዟ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ተጫውቶ ሲጨርስ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እህት አስቴር ናት የለጠፈችው። ሁሉንም ቤት ሳንማር እንዳንነካት ብላ። እሷንም አንዲት የኮሌጅ መምህር እንደዚህ ጨክና አስተማረቻት አሉ» አለኝ። መምህሯ እኔ መሆኔን አያውቅም። አልነገርኩትም።

ጋሽ ንጉሤ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ከኮሌጁ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወንበራቸው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ስለ እሷ መናገር ሲጀምሩ ጋሽ ንጉሤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያ ፈተና እስከዛሬ ይቆጨኛል» አሉኝ። «በፒያኖ መሆኑን እያወቀች ለምን ዝም አለች እያልኩ እኖራለሁ። ምናልባት ፈርታኝ ይሆናል። ኮስታራ ነበርኩ። ራሴ ጠርቼ ልጠይቃት ይገባ ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የምትጠይቀኝ ሴት ሞታለች፤ ዝም ብል ዝም ብዬ እኖራለሁ። ግን ጋሽ ንጉሤ የእኔን ኃጢአት ተሸክመው ሰባት ዓመት ኖረዋል።

«ጋሼ፣ አላወቀችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልነገርኳት። ሰባቱን ነግሬ እሷን ዘለልኳት። ረስቼ አይደለም።»

ዞረው አዩኝ።

«እሷስ ይህን አውቃ ነበር?»

«ያኔውኑ አወቀች። ለእርስዎ እንድነግርዎ ስትጠብቀኝ ኖረች።»

«ምን አለችሽ ታዲያ?»

«አስተምሪኝ አለችኝ። አሥራ ሁለቱንም አስተማርኳት። እዚያው ፒያኖ ላይ።»

«አሥራ ሁለቱንም?» ምርኩዛቸውን ጨበጥ አደረጉ። «በስንት ጊዜ ያዘችው?»

«በአምስት ወር።»

«አንቺ በስንት ጊዜ ነበር የያዝሽው?»

«በሦስት ዓመት።»

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እርግማናቸውን ጠበቅሁ። ነገ ኮሌጁ ሄደው ሲናገሩብኝ፣ ስሜ ሲነሳ፣ ወንበሬን ለቅቄ ስወጣ ሁሉ ታይቶኝ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞሩም። «አምስት ወር» አሉ ለራሳቸው፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አምስት ወር ብቻ!» አሉና እንባቸው እየወረደ ፈገግ አሉ። ከእሳቸው ጋር ያን ያህል ዓመት ስሠራ አይቼው የማላውቅ፣ አንድ ቀን ለእኔ ይሆናል ብዬ ስጠብቀው የኖርኩት ፈገግታ ነበር። ፊታቸውን ወደ ሬሳ ሳጥኑ አዙረው ለእሷ ፈገግ አሉላት።